ለዕረፍት በውሰት የተያዘው የፍል ውኃ ሜዳ

በሰሜን አውሮፓ በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ የሚኖር ሰው የዓመቱን ዕረፍት የሚያስበው ከፀሐይ ጋራ ነው። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ቀን እጅግ ያጠረ ሌሊቱም የረዘመ ስለ ሆነ፣ በሰኔና በሐምሌ ቀኑ በተራው ሲረዝም፣ በአንዳንዱም ስፍራ ፀሐይ ከቶ ሳትጠልቅ ስትሰነብት፣ ባለጠጋውም መካከለኛውም ቤተ ሰቡን ይዞ ከከተማ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። በባሕሩ ዳር በእንጨት የተሠራ ታናሽ ቤት ያለው በቤቱ ያርፋል፤ የሌለው ከዘመዱ ወይም ከወዳጁ ለጥቂት ሳምንት ይዋሳል። የስዊድን መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ደመወዙ ሳይቈረጥ እንዲያርፍ በሕግ ከደነገገ ወዲህ ይህ ልማድ ከጌቶች አልፎ ወደ ብዙኃኑ ደረሰ። ቤቱን የተዋሰ ቤተ ሰብም የዕረፍቱ ቀን ሲፈጸም ወለሉን ጠርጎ፣ ያነደደውን እንጨት ተክቶ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሶ መሄዱ የታወቀ ወግ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር የተለየ ቃል አለው። ብድርና ውሰት በአፍ ሲነገሩ የተቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ ነገራቸው አንድ አይደለም። እህል የተበደረ ሰው ያንኑ እህል አይመልስም፤ በልቶታልና በዓይነቱና በስፍሩ የሚተካከለውን ሌላ እህል ይመልሳል። ምጣድ የተዋሰች ጎረቤት ግን ያንኑ ምጣድ ትመልሳለች፤ በሬ የተዋሰም ያንኑ በሬ አርሶበት ይመልሳል። ስለዚህ የውሰት ዕዳ ከብድር ዕዳ ይልቅ ይከብዳል፤ ምትክ የለውምና። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከውም ታሪክ አንድ ቤተ ሰብ ለዕረፍት ብሎ ስለ ወረደበትና ወርዶም ስላልተመለሰበት ስፍራ ነው። ስፍራው የባሕር ዳር አይደለም፤ የፍል ውኃ ዳር ነው። ቤተ ሰቡም የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ቤተ ሰብ ነው።

በኢትዮጵያ የዕረፍት ወራት ከሰሜኑ አገር ተገልብጦ ይገኛል። የስዊድን ሰው በጋዬ ነው ብሎ ወደ ባሕር በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ፣ የሸዋ ደጋ ዝናምና ጭቃ፣ ጉምና ብርድ ነው። የቀድሞ ነገሥታት በጋውን በዘመቻ ሲዞሩ ቈይተው ወንዝ ሳይሞላ በአንድ ስፍራ ገብተው ክረምቱን ይከርሙ ነበር። «ከተማ» ማለትም በዚያ ዘመን ንጉሥ የከተመበት ማለት እንጂ እንደ ዛሬው በድንጋይ የተሠራ ጎዳናና ገበያ ማለት አልነበረም፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣልና። እንግዲህ ክረምቱ የመቀመጫ ጊዜ ከሆነ፣ ለሰውነት ማረፊያ የሚመቸው ዝናሙ አባርቶ ምድር በአበባ የምትሸፈንበት፣ ከመስቀል በኋላ ያለው ወራት ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ስም የተገኘው ከዚሁ ወራት ነውና።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼም ወደ ወጨጫ፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽም ወደ እንጦጦ መቀመጫቸውን እያዛወሩ መጡ። የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት በምሥራቅ ከየካና ከየካ አባዶ በላይ ካለው ኮረብታ ጀምሮ ወደ ምዕራብ እስከ ጉለሌ በላይ ድረስ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው ወደ 3000 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ለጦር ሰው የተመቸ ነው፤ ከላዩ የቆመ ዘበኛ በደቡብ ያለውን ሜዳ ሁሉ ያያል፣ የሚወጣውም ጠላት ሳይታይ ሊወጣ አይችልም። ከዚህም በላይ የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍራሽ በዚያ ይገኛል መባሉ የንጉሡን ልብ ሳበው። በየካ በኩል ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ጣሪያው ቢወድቅም ዐምዱና ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሞ፣ በዚህ ተራራ ግርጌ ክርስቲያን ቀድሞ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ስለዚህ ወደ እንጦጦ መውጣት ለምኒልክ የአባቶችን ርስት እንደ መመለስ ያለ ነገር ነበር።

ነገር ግን ተራራው ለግርማ እንጂ ለኑሮ አይመችም። ነፋሱ ቀንና ሌሊት አያርፍም። በክረምት መብረቁ ይበረታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ውኃው ከሩቅ በገንቦ ይቀዳል፤ እንጨቱም ሠራዊቱ ከሰፈረ በኋላ በጥቂት ዓመት ተጨርሶ ተሸካሚዎች በየቀኑ ገደል ወርደው ገደል ይወጡ ጀመር። ስንቅ የጫነ በቅሎ አቀበቱን ሲወጣ ይደክማል። በዚህ ብርድ ላይ የዘመቻ ድካም ሲጨመርበት ከንጉሡ ጀምሮ ብዙ መኳንንት በቁርጥማት ይሠቃዩ ነበር፤ ከመድኃኒቱም ሁሉ የሚቀርበው ከተራራው ግርጌ የሚፈላው ውኃ ነበር።

ያ ውኃ ከእንጦጦ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ የማይሞላ፣ በከፍታም ከተራራው ጫፍ ከ600 ሜትር ይበልጥ ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ይገኛል። ከመሬት ሲወጣ እጅ የማያስነካ ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱም በማለዳ ከሩቅ እንደ ጢስ ይታያል። ከፍል ውኃው አጠገብ ቀዝቃዛ ጅረት ስላለ ለመታጠቢያ ልኩ እስኪሆን ሁለቱን ማደባለቅ ይቻላል። የንጉሡ ቤተ ሰብ ለመታጠብ በወረደ ጊዜ የሚወርደው ባልና ሚስት ብቻ አልነበረም፤ ደንገጡሩ፣ አሽከሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ካህናቱም አብረው ይወርዳሉ። በቀድሞው አነጋገር ቤተ ሰብ ማለት ቃሉ እንደሚያመለክተው የቤቱ ሰው ሁሉ ነውና። ድንኳን ይተከላል፤ የታመመው ጧትና ማታ ይታጠባል፤ ያልታመመው ከብርድ ማምለጡን እንደ ትልቅ ነገር ቈጥሮ በሜዳው ይዝናናል። ቤተ ክርስቲያን ጠበል የምትለውና ይህ ውኃ በሕዝቡ አእምሮ ዘመድ ቢሆኑም ወጉ ይለያል። ጠበል በጾምና በጸሎት ይጠመቁታል፣ ስለ ፍል ውኃ ግን ማንም ጾም አላዘዘም። ምናልባትም ከተማይቱን የወለዳት ይህ ልዩነት ነው፤ ጠበል የሄደ ሰው ሱባኤውን ፈጽሞ ይመለሳል፣ ደስታ ያገኘበትን ስፍራ ግን ሰው ቶሎ አይለቅም።

ስፍራው ባለቤት አልነበረውም ማለት ግን ስሕተት ነው። ስሙ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በኦሮምኛ ከመሬት እየፈለቀ የሚዘለውን ውኃ የሚያመለክት ቃል ነው። በዙሪያው የነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ሲሆኑ፣ ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የሚባሉት የዛሬው ከተማና የዙሪያው ስሞች ከእነዚሁ ጎሣዎች የቀሩ ናቸው። ማዕድን ያለበትን ውኃ ሆራ ይሉታል፤ ከብቶቻቸውን በየጊዜው ወደ ሆራ እየነዱ ያጠጣሉ፤ ውኃው ለከብት እንደ አሞሌ ጨው ነውና። ስለዚህ ንጉሡ ለቁርጥማት ከመውረዳቸው አስቀድሞ ፍል ውኃው ሥራ የሌለው ውኃ አልነበረም። የወራቱ ሥርዓት፣ የሚያጠጣው፣ የሚነዳውም ሰው ነበረው። በከተማ ያደገ አንባቢ ይህን ለማስተዋል ጥቂት ሊቸግረው ይችላል፤ ለከብት አርቢ ሆራ ማለት ለገበሬ እርሻው ማለት እንደ ሆነ ቢያስብ ግን ነገሩ ይገለጥለታል።

የሸዋ ነገሥታትም ፊንፊኔን የሚያውቁት ከምኒልክ በፊት ነው። የምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዙ በዚህ አገር ላይ ይዘምቱ ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሸዋ ተልኮ የመጣው ሃሪስ ከንጉሡ ጋራ ዘምቶ የሜዳውን ልምላሜና በዚያው ላይ የደረሰውን ቃጠሎና ዝርፊያ በመጽሐፉ ጽፏል። ከዚህም ሌላ ሣህለ ሥላሴ በዚህ ሜዳ ገበጣ ሲጫወቱ፣ ወደ ፊት የልጅ ልጃቸው በዚህ ስፍራ ቤት ሠርቶ ከተማ እንደሚያደርገው ተናገሩ የሚል ትውፊት አለ። እንዲህ ያለው ትንቢት ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ይጠናከራል፤ ቢሆንም ትውፊቱ ራሱ አንድ እውነት ይዟል። በትንቢቱ ውስጥ ምድሪቱ የሌላ ሕዝብ መኖሪያ መሆኗ ታምኗልና። ከዚህም በኋላ ካቶሊካዊው ጳጳስ ማስያስ በ1868 እ.ኤ.አ. ከምኒልክ በፊንፊኔ አካባቢ መሬት ተሰጥቶት እስከ 1879 እ.ኤ.አ. ተቀምጦበታል። በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ሲወጣ ስፍራው ተለቀቀ። ይህም የውሰት ዓይነት ነበር፤ ያዋሰው ግን ባለ ሆራው ሳይሆን ንጉሡ ነው።

የወሳኙ ወራት ኅዳር 1879 ዓ.ም. ነው። ጣይቱ ብጡል ከምኒልክ ጋራ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከተጋቡ አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ የእቴጌነቱም ዘውድ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። የሰሜን ሰው ናቸው፤ ግዕዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ነገር የሚቈርጡ ሴት መሆናቸውን ወዳጅም ጠላትም መስክሮላቸዋል። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም፤ የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱም በዚያ ጊዜ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተድራ በትግራይ ነበረች። እንግዲህ በድንኳኑ ደጅ የሕፃን ጫጫታ የለም። የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደሚተርኩት፣ ጣይቱ በፍል ውኃው ሰፈር ሳሉ የሜዳውን ውበትና የአየሩን ልስላሴ አይተው ቤት የሚሠሩበት ስፍራ እንዲሰጣቸው ንጉሡን ለመኑ። ንጉሡም ፈቀዱ። ስፍራውንም «አዲስ አበባ» ብለው ጣይቱ ሰየሙት።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ አንድ ነገር ሳያነሣ አያልፍም። ስሙ የሐምሌ ስም ሊሆን አይችልም። ጣይቱ በነሐሴ ወርደው ቢሆን ኖሮ ያዩት ጭቃና ጉም ነበር፤ የወረዱት ግን ዝናሙ ጠግቦ ምድር በምታብብበት ወራት ነው። የስሙ ሰም ሜዳ ላይ የበቀለው አበባ ነው። ወርቁ ግን ሌላ ነው፤ ከእንጦጦ ብርድ የወጣች ሴት፣ በአዲስ ትዳር ያለች፣ የራሷ የሆነ ቤት ገና ያልሠራች ሴት፣ የራሷን ጅማሬ በምድሪቱ ላይ ስትሰይም ይታያል። አንድም «አዲስ» ማለት ከዚያ በፊት እንዳልነበረ ማለት ነው፤ በዚህ በኩል ስሙ የቀድሞውን ስም ይሸፍናል። ፊንፊኔ ስለ ውኃው ይናገራል፤ አዲስ አበባ ስለ ውኃው ምንም አይናገርም። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለት የቅኔ ባሕርይ ነው፤ አንዱን ነገር ገልጦ ሌላውን መሸፈንም እንዲሁ።

ቤቱ ሲጀመር ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ሐረር አዙረው ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በልደት በዓል፣ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ባል ወደ ምሥራቅ ዘምቶ የባሕር መንገድ ሲከፍት ሚስት በፍል ውኃ ዳር ቤት ታስጀምራለች፤ የከተማይቱ ልደት የሁለቱ ሥራ በአንድ ወራት የተገናኘበት ነው። በዚህ ላይ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች የዕረፍቱን ነገር እንደ ተረት ቈጥረው ይነቅፉታል። ምኒልክ ከእንጦጦ የወረዱት ምዕራቡና ደቡቡ በእጃቸው ገብቶ ተራራ ላይ መመሸግ ስላላስፈለጋቸው ነው፤ የእንጨቱና የውኃው ችግርም ጊዜውን አፈጠነው፤ ሐረር ከተያዘች በኋላም የንግዱ መንገድ ሜዳውን ይመርጣል ይላሉ። ነቀፋቸው በከፊሉ እውነት ነው። ከተማ በሴት ልመናና በሞቀ ውኃ ብቻ አይጸናም። ነገር ግን እነዚያ ምክንያቶች ሁሉ ሌላ ሜዳ ለመምረጥም ይበቁ ነበር፤ ከእንጦጦ በታች ሜዳ ሞልቷልና። ይህ ሜዳ የተመረጠው ሰዎች አስቀድመው ወርደው ስለ ታጠቡበት፣ ስለ ተኙበት፣ ስለ ወደዱትም ነው። የመንግሥት ምክንያት መንገዱን ጠረገ፤ ስፍራውን ያሳየው ዕረፍቱ ነው።

ወደ ሜዳው መውረዱም በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም፤ እንዲያውም በውሰት ቤት የተቀመጠ ሰው ጥቂት በጥቂት እየሰነበተ የቤቱ ጌታ እንደሚመስል ያለ ነገር ነበር። መጀመሪያ ድንኳን፤ ቀጥሎ የእቴጌይቱ ቤት፤ ከዚያ ከፍል ውኃው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግቢው። ምኒልክ ዐፄ ተብለው ዘውድ የጫኑት በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ እንጦጦ ማርያም ነበረች፤ ስሟ ከተሰየመ ሦስት ዓመት ያለፋት አዲስ አበባ በዚያ ቀን ገና ከታች ያለች የመታጠቢያ ሰፈር ነበረች። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ቤተ መንግሥቱ ፈጽሞ ወረደ፤ መኳንንቱም ተከተሉ። እያንዳንዱ ጌታ በዘመቻ ጊዜ ከንጉሡ ድንኳን በቀኝ ወይም በግራ ይሰፍር እንደ ነበረ ሁሉ፣ በግቢው ዙሪያ ለራሱና ለጭፍራው ኮረብታ ኮረብታውን ያዘ። የራስ መኰንን፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የደጃዝማች ውቤ ሰፈር መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው «ሰፈሬ» ሲል የሚናገረው ድንኳን ስለ ተተከለበት ስፍራ መሆኑን አያስበውም፤ ቃሉ ግን አልረሳውም። ከኅዳር 1879 ዓ.ም. በኋላ አሥረኛው ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት አምና የፈረመችው ውል «የአዲስ አበባ ውል» ተባለ። የመታጠቢያው ሰፈር ስም በአውሮፓ መንግሥታት መዝገብ ገባ።

ይህን ክብር ሲያስቡ ባለ ሆራዎቹን መርሳት ቀላል ነው፤ ብዙ ጸሐፊም ረስቷቸዋል። ጉለሌዎች ከሜዳው የተገፉት በአንድ ወገን በጦር፣ በሌላ ወገን በሰፈሩ ብዛት ነው። የንጉሥ ቤተ ሰብ ለአንድ ወራት ቢታጠብ ከብት ለዚያ ወራት ይከለከላል፤ ወራቱ ሲያልፍም ከብቱ ይመለሳል። ሠራዊት ሲሰፍር፣ መኳንንት ሲከተሉ፣ ገበያ ሲቆም ግን ከብቱ የሚመለስበት መንገድ ጠፋ። ገዳዩ ነገር መታጠቡ ሳይሆን አለመመለሱ ነው። በውሰትና በዘረፋ መካከል ያለው ድንበር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ነው፤ የተዋሰ ሰው በገባበት ቀን ሌባ አይደለም፣ መውጫው ቀን ሲደርስ ካልወጣ ግን ስሙ ይለወጣል። የዚያ ዘመን ሰው ይህን በእንዲህ ዓይነት ቃል አላሰበውም ይባል ይሆናል፤ ምድር ሁሉ የንጉሥ ናት ብሎ ያምን ነበርና። ይህ ለንጉሡ ምክንያት ይሆናል፤ ለከብት ነጂው ግን ምክንያት ሊሆነው አይችልም። እርሱም የራሱ ሕግ ነበረው፤ በዚያ ሕግ ሆራ የጎሣው ነው።

ምድሪቱም ራሷ በተዋሳት ቤተ ሰብ ላይ የቀረበት ጊዜ ነበር። ከተማው በሰፋ መጠን ዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ማገር እየተቈረጠ አለቀ። ልክ በእንጦጦ እንደ ሆነው ሁሉ፣ ምኒልክ ለመሄድ ተነሡ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለም ብለው ሌላ ከተማ አስጀመሩ። ያ ሐሳብ ቢፈጸም ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ልቼና እንደ ወጨጫ የፍራሽ ስም ሆና ትቀር፣ ሜዳውም ምናልባት ለከብት ይመለስ ነበር። ከተማይቱን ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ገብቶ ቶሎ የሚያድግ፣ ተቈርጦም እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ስለ ተገኘ የማገዶው ችግር ቀለለ። የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ሕዝቡ ዛፉን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ ባሕር ዛፍ አለው፤ ባሕር በሌላት ከተማ ኮረብታ ላይ ባሕርን በስሙ የያዘ ዛፍ ከየካ እስከ ጉለሌ ተራራውን አለበሰው። የእንጦጦ ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው አቀበትና ቍልቍለት መውረዳቸውም ከዚያ ወዲህ የመጣ ሥራ ነው።

በዓለም ላይ ከፍል ውኃ የተወለዱ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። በቦሔምያ ካርልስባድ፣ በቤልጅግ ስፓ፣ በእንግሊዝ አገር ባዝ የምትባለው ከተማ እንዲሁ ናቸው፤ ይህች የመጨረሻዋ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ መታጠቢያ ነበረች፣ ስሟም መታጠቢያ ማለት ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከወረራው የተነሣ ተሰድደው ሲሄዱ ያረፉት በዚህችው በባዝ ነው። በፌርፊልድ ቤት ከቤተ ሰባቸው ጋራ እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ተቀመጡ። በፍል ውኃ ዳር የተሠራች ከተማ ንጉሥ በሌላ ፍል ውኃ ዳር የስደት ቤት ማግኘታቸውን እንደ አጋጣሚ ማለፍ ይቻላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የቤቱ ፍጻሜ ነው። ፌርፊልድ የተገዛ እንጂ የተዋሱት ቤት አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1958 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን ጥቅም እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። የገዙትን ቤት ለአገሩ ሰው መልሰው የሄዱ እንግዶች ሆኑ። በገዛ አገራቸው ያለው የፍል ውኃ ሜዳ ግን በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎት፣ ማን ለማን ይመልሰዋል የሚባልበት ነገር አልነበረም፤ በላዩ ከተማ ቆሞበታልና።

በዚህ ዘመን ደግሞ የዕረፍቱ መንገድ ተገልብጧል። ከተማው ሜዳውን ሞልቶ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ በምሥራቅ በኩል የካ አባዶ የገበሬ መሬት የነበረው በኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሸፈነ፤ ቤቱም በዕጣ ይሰጣል። በዕጣ የደረሰው ሰው በአራተኛው ፎቅ መስኮት ቆሞ የእንጦጦን ሰንሰለት ያያል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ በሰንበት ወደ ተራራው ይወጣል፤ የምኒልክ ቤተ ሰብ የሸሸውን ነፋስ ፍለጋ፣ ከሜዳው ጢስና ጩኸት ለማረፍ። አንድ መቶ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ቀድሞ ጣይቱ የወረዱበትን ቍልቍለት የልጅ ልጆች እንደ ዕረፍት አቀበት ይወጡታል።

እቴጌ ጣይቱ ራሳቸውም መጨረሻቸው በዚያው ተራራ ሆነ። ምኒልክ ታመው ሥልጣኑ በእቴጌይቱ እጅ በበዛ ጊዜ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። ከዚያ በኋላ ባላቸውን ሲያስታምሙ ቈዩ፤ ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ራሳቸው ከሠሩት ከተማ ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። በቍር ምክንያት የለቀቁትን ተራራ በእርጅናቸው ያዙት፤ ከታች በማለዳ የሚወጣው የፍል ውኃ ጢስ ከደጃቸው ይታይ ነበር። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሆነው ሳለ ጣይቱ ወደ ጎንደር ሄደው በዚያ ዕድሜያቸውን ሊፈጽሙ ፈቃድ ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። በየካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። ኋላ ዐፅማቸው ከተራራው ወርዶ፣ በግቢው አጠገብ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም በባላቸው ጎን ተቀመጠ።